ካፒቴኑ ሦስት ጊዜ ጠየቃት

ስሜ ትዕግስት ነው፤ ከስሙ በቀር ግን ትዕግስት የሚባል ነገር የለኝም። አንድ ቀን አብሮኝ የሠራ ሁሉ ይመሰክርላችኋል። የምኖረው ከሮተርዳም በስተምሥራቅ፣ ካፔለ አን ደን አይሰል ነው። ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ አረጋውያንን መርዳት ሲሆን ጠዋት ጠዋት በብስክሌት፣ ዝናብ ሲበረታ በሜትሮ እሄዳለሁ። ይህ የምነግራችሁ ነገር የደረሰብኝ በአንድ ማክሰኞና በማግስቱ ረቡዕ ነው። ከዚያ በፊት ግን አባቴን ላስተዋውቃችሁ፤ ያለዚያ ነገሩ ለእናንተም እንደ እኔ ግራ ይሆንባችኋል።

አባቴ ማስረሻ ዕድሜውን ሙሉ መሬት ሲለካ የኖረ ቀያሽ ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ብቻውን እንዳይሆን ወደዚህ አመጣሁት። የአንድ ነገር ቦታ በትክክል ካልተነገረው አይሆንለትም። ሱቅ ሄዶ ሽንኩርት እንዲገዛ ስነግረው እንኳ «ከበሩ ስንት ሜትር ገባ ብሎ ነው?» ይለኛል። እንግዲህ ይህ ሰው ነው እዚህ አገር ሲመዘገብ የትውልድ ቦታ ከሚለው ቃል ፊት ለፊት «ኦንበኬንድ» ተብሎ የተጻፈበት። የማይታወቅ ማለት ነው።

ጥፋቱ የማንም አልነበረም። የት ተወለድክ ተባለ፤ «ቀይ ባሕር ላይ፣ መርከብ ውስጥ» አለ። ማስረጃ አለህ ተባለ፤ የለኝም አለ። ታዲያ ሠራተኛዋ ምን ትጻፍ? አባቴ ግን ያንን ቃል ሊውጠው አልቻለም። «አገር ስለካ ኖሬ እኔ ራሴ የማልታወቅ ልሁን?» እያለ ዓመት ሙሉ አሰለቸኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፍለጋውን የጀመርኩት ለታሪክ ተቆርቁሬ ሳይሆን ከጭቅጭቁ ለመገላገል ነው።

በእጃችን የነበረው ነገር ትንሽ ነው። አያቴ ጥሩነሽ ባሏ ወደብ ላይ ስለሚሠራ አሰብ ትኖር ነበር። መውለጃዋ ሲቃረብ ወደ ምጽዋ በሚሄድ የሆላንድ የጭነት መርከብ ተሳፈረች፤ በሚካኤል ዕለት፣ መንገድ ላይ፣ አባቴ ተወለደ። የመርከቡ ወጥ ቤት ሠራተኛ አንድ ማንኪያ ሰጥቷት ነበር፤ እጀታው ላይ የመርከቡ ስም ተቀርጾበታል። አባቴ ያን ማንኪያ አሰብን ሲለቅም፣ አዲስ አበባን ሲለቅም አልተለየውም። እኔ አያቴን አላየኋትም፤ ሳልወለድ ነው የሞተችው። አባቴ ስለዚያች ቀን በጠየቃት ቁጥር «ውሃ ላይ ተወለድክ፣ ይበቃሃል» ብላ ወሬ ትቀይር ነበር አሉ።

አባቴ ደግሞ አንድ የሚያሳፍረው ነገር አለው። የግራ ጆሮው ጫፍ ላይ የድሮ ቀዳዳ አለ። እናቱ በልጅነትህ ሚስማር ወግቶህ ነው ብላዋለች። እዚህ ፀጉሩን የሚቆርጠው ቱርካዊ ግን «ሽማግሌው፣ በወጣትነትህ የጆሮ ጌጥ ታደርግ ነበር አይደል?» እያለ ይቀልድበታል። አባቴ ቀልዱን ስለማይወደው ኮፍያውን እስከ ጆሮው ዝቅ አድርጎ ነው የሚሄደው።

ጻፍኩ፣ ደወልኩ፣ ጠበቅኩ። በሆላንድ ባንዲራ በሚሄድ መርከብ ላይ የተወለዱ ሰዎች መዝገብ ዴን ሃግ እንደሚገኝ፣ የመርከቡ የዕለት ደብተር ደግሞ ከተረፈ ሮተርዳም ሊኖር እንደሚችል ነገሩኝ። ከወራት በኋላ «አግኝተነዋል፤ ማክሰኞ ባለጉዳዩ መታወቂያውን ይዞ ይምጣ» የሚል ደብዳቤ መጣ።

ማክሰኞ አባቴ ሙሉ ልብሱን ለበሰ። ማንኪያውን በመሐረብ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ዴን ሃግ ደርሰን ተራችን ሲጠራ መስኮቱ ላይ የነበረው ረጅም ወጣት አባቴ አውጥቶ ያሳየውን ማንኪያ ሲያይ ፈገግ አለ። በመርከቡ ላይ በዚያ ጉዞ የተወለደ አንድ ልጅ ብቻ እንደሆነ፣ ቀኑም ከነገርነው ቀን ጋር እንደሚገጥም ነገረን። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

እኔ በአማርኛ ማንበብ ጀመርኩ። «ጎህ ሲቀድ ወንድ ልጅ ተወለደ። ስም ገና አልወጣለትም። ቦታው...» ከዚያ ቁጥሮች መጡ፤ በሰሜን ይህን ያህል ዲግሪ፣ በምሥራቅ ይህን ያህል ዲግሪ ከዚህ ያህል ደቂቃ።

አባቴ ክንዴን ያዘ። «ድገሚልኝ።»

ደገምኩለት።

«ደቂቃውንም ጽፈውታል?»

«ጽፈውታል አባዬ።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። እስቲ አስቡት፣ ቀያሽ ለሆነ ሰው ከዚህ በላይ ምን ስጦታ አለ? ከተማ ተወለድኩ የሚል ሰው ሁሉ የተወለደባትን ነጥብ በዲግሪና በደቂቃ አያውቅም። እኔም ደስ ብሎኝ ወደሚቀጥለው መስመር አለፍኩ፤ እዚያ ላይ ቆምኩ።

«ምነው?» አለኝ።

«የእናት ስም... ለተብርሃን ይላል።»

«ማን?»

«ለተብርሃን። የምጽዋ ሴት።»

ወጣቱ በመካከላችን የሆነ ነገር እንደተፈጠረ ገባው። በዝግታ አስረዳኝ። አባቴ ይህ የእኔ ልደት ነው ብሎ ከፈረመ «የማይታወቅ» የሚለው ይሰረዝለታል፤ ነገር ግን መዝገቡ እንዳለ ነው የሚወሰደው፣ የእናት ስምም ለተብርሃን ይሆናል። እናቴ እሷ አይደለችም ካለ በፍርድ ቤት ማረም አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ማስረጃ ያስፈልጋል። ወይም ሁሉንም ትቶ እንደነበረው መቀጠል ይችላል። ለሚቀጥለው ማክሰኞ ቀጠሮ ሰጠን።

ትራም ላይ አባቴ በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል። ዝም ማለት ስለማልችል እኔ ለፈለፍኩ።

«የጽሕፈት ስህተት ይሆናላ አባዬ!»

«ስህተት በፊደል ነው የሚሆነው። አንዲት ሴት እንዳለች በሌላ ሴት በስህተት አትተካም።»

«ታዲያ ምን ይመስልሃል?»

እስከዚያ ቀን ነግሮኝ የማያውቀውን ነገር ነገረኝ። «ትምህርት ቤት እስክገባ ድረስ ልጄ ብላኝ አታውቅም። የጎረቤት ልጆች እናቶች ልጄ፣ ልጄ ሲሉ እሰማለሁ። የእኔዋ እንግዳው ነበር የምትለኝ። እንግዳው ና ብላ፣ እንግዳው ተኛ። ለካ የሌላ ሰው ልጅ ሆኜ ነው።»

ያን ቀን ራት አልበላም። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ አንድ ጊዜ ቁጥሮቹን፣ አንድ ጊዜ ስሙን በጣቱ እየነካ ተቀመጠ። በአንድ ወረቀት የተወለደባትን ነጥብ አግኝቶ እናቱን አጣ። እኔም ለተብርሃን የምትባል የማላውቃት አያት በአንድ ቀን ወጣችልኝና የማዝነው ለማን እንደሆነ ጠፋኝ።

ረቡዕ ፈቃድ ወሰድኩና ሮተርዳም ወደሚገኘው የመዛግብት ቤት ሄድን። የዕለት ደብተሩ ተርፏል። መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች አንዲት ሴት አምጥታ በስፖንጅ ትራስ ላይ አስቀመጠችልንና፣ የድሮው የእጅ ጽሕፈት ለእኔ እንደማይነበብ ስታይ ራሷ ታነብልኝ ጀመር። እሷ በደችኛ ቀስ ብላ ታነባለች፣ እኔ ለአባቴ በአማርኛ እቀጥላለሁ።

ካፒቴኑ እንዲህ ብሎ ጽፏል። መርከቡ ላይ ሁለት ሴቶች ተሳፍረዋል። አንዷ ደክማ አልጋ ላይ ተኝታለች። ሌላዋ ሕፃኑን ታቅፋ የእኔ ነው ትላለች። ሙቅ ውሃ ያቀረበው ወጥ ቤት ሠራተኛ ግን የወለደችው የተኛችው ነች ይላል።

«ቆይ!» አለ አባቴ። ወንበሩን ወደፊት ሳበ። «የተኛችው እናቴ ነች። ጥሩነሽ ነች። ቀጥይ።»

ቀጠልኩ፤ ምነው ባልቀጠልኩ። ካፒቴኑ የምጽዋ ተወላጅ የሆነ መርከበኛ ጠርቶ የተኛችውን ሴት አስጠየቃት። ይህ ልጅ የአንቺ ነው? የእኔ አይደለም አለች። ደግሞ አስጠየቃት። የእኔ አይደለም ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያስጠይቃት አለቀሰችና «ልጅ የለኝም፣ የእሷ ነው» አለች። ካፒቴኑ መጨረሻ ላይ «ከተነገረኝ ሌላ ለመጻፍ ሥልጣን የለኝም። ነገሩ ግን አልገባኝም» ብሎ ፈርሟል።

አባቴ ኮፍያውን አንስቶ አደረገ።

«ካደችኝ» አለ።

«አባዬ...»

«ሦስት ጊዜ ጠየቃት እኮ! ሦስት ጊዜ ካደችኝ። ማደጎ ብሆን ይሻለኝ ነበር። ማደጎ የወሰደ ሰው ፈልጎ ነው የሚወስደው።»

በዚያች ሰዓት በጭንቅላቴ ያልመጣ ነገር የለም። ልትሰጠው ነበር? ልትሸጠው ነበር? ከባሏ ያልተወለደ ይሆን? ታዲያ ካደችው፣ መልሳ ለምን አሳደገችው? ያቺ ለተብርሃንስ ምጽዋ ስትደርስ የት ገባች? እያንዳንዱ መልስ ሌላ ጥያቄ ይወልድብኝ ጀመር። ከዚያ አንድ ሰው ትዝ አለኝ። እዚህ አገር እንደመጣሁ ዛንዳም የብስኩት መጋዘን ውስጥ አብሬያቸው የሠራሁ አደይ ምሕረት የሚባሉ ኤርትራዊት አሉ፤ «አደይ» በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። ምጽዋ ተወልደው አሰብ ያደጉ ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። አሁን ጡረታ ወጥተው አምስተርዳም ይኖራሉ። ምናልባት ለተብርሃንን ያውቋት ይሆናል ብዬ ከመዛግብት ቤቱ ደጃፍ ደወልኩ።

«ኑ፣ ምን ትጠብቃላችሁ» አሉኝ።

በባቡር አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ ለእኔ ግን ቀኑን ሙሉ የተጓዝን መሰለኝ። አደይ ምሕረት በራቸውን ከፍተው የአባቴን ፊት ሲያዩ ሰላምታውን አሳጠሩትና የምስር ሾርባ ፊታችን አስቀመጡ። እኔ ግን አሁንም ትዕግስት የለኝምና ማንኪያ ሳላነሳ ጀመርኩ።

«አደይ፣ ለተብርሃን የምትባል የምጽዋ ሴት ያውቃሉ?»

«ጓለይ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ምጽዋ ውስጥ ስንት ለተብርሃን ያለ መሰለሽ? ምን አድርጋችሁ ነው?»

የካፒቴኑን ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ አደይ ምሕረት በመዳፋቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አለቀሱ ብዬ ነበር፤ ለካ እየሳቁ ነው። ደሜ ፈላ።

«ሰው እንዲህ አዝኖ ይሳቃል እንዴ?»

«አይዞሽ፣ አትቆጪ» አሉና ወደ አባቴ ዞሩ። «አቶ ማስረሻ፣ ከእርስዎ በፊት እናትዎ ስንት ልጅ ቀብረዋል?»

አባቴ ቀና አለ። «አራት። ሁሉም ዓመት ሳይሞላቸው። በምን አወቁ?»

«እስቲ ኮፍያዎን ያውልቁ።»

እኔ ግራ ገባኝ፤ እሱም። ግን አወለቀ። ተነሥተው በግራው ቆሙና ጆሮውን አተኩረው አዩት።

«ይኼን ማን በሳው?»

«ሚስማር ነው። ልጅ ሆኜ...»

«ሚስማር! እንዲህ መሃል የሚመርጥ ሚስማር የት አለ? ይኼ የሎቲ ቀዳዳ ነው። አንድ ጆሮ ብቻ፣ ለወንድ ልጅ። ወንድሜም ነበረው።» ወንበራቸውን ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። «ልጅ የማይበረክትላት ሴት ስትወልድ ሌላ ሴት ሕፃኑን ትቀበልና የእኔ ነው ትላለች። እናትየዋ የእኔ አይደለም ትላለች። ሞት የዚያችን ቤት መንገድ ለምዶታል፤ ልጁ የሌላ ነው ብሎ እንዲያልፈው ነው። ሎቲ ይደረግለታል፤ ልጄ አይባልም። እስኪጠና ድረስ እናቱ በአፏ አትጠራውም። እናቴ ወንድሜን ለጎረቤት ሰጥታ፣ ጡቷን እያጠባችው የእገሊት ልጅ እያለች ነው ያሳደገችው።»



«እንግዳው» አለ አባቴ። «እንግዳው ነበር የምትለኝ።»

«ይኸውልዎት! ከዚህ በላይ ምን ይሁን? እስቲ ደግሞ እንደ እሷ ሆነው ይዩት። አራት ቀብራለች። አምስተኛውን ባሕር መሃል ወለደች። ገና ደሟ ሳይቆም አንድ የማታውቀው ረጅም ሰውዬ ጥቁር ልብስ ለብሶ፣ ትልቅ ደብተር ይዞ ከራስጌዋ ቆመ። ልጁ የማን ነው ይላል። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ! እርስዎ ቢሆኑ ማን መጣ ይሉ ነበር?»

አባቴ መሐረቡን ከደረት ኪሱ አወጣ፤ ማንኪያው ጠረጴዛው ላይ ወደቀ፤ ፊቱን በመሐረቡ ሸፍኖ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ እናቴን ስንቀብርና ያን ዕለት። እኔም ለምን እንደሆነ ሳይገባኝ አደይ ምሕረት ላይ ጮኬ ስለነበር እጃቸውን ስሜ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እሳቸው ግን «ሾርባው ቀዘቀዘ» ብለው ወደ ወጥ ቤት ገቡ።

ደብተሩን ሲጽፍ ካፒቴኑ ጥቁር ልብስ ይልበስ አይልበስ አደይ ምሕረት አያውቁም። እዚያ አልነበሩም። ለተብርሃን ሕፃኑን መቼ መልሳ እንዳስረከበች፣ ምጽዋ ላይ የመርከቡ መሰላል ሥር ይሁን ከሳምንት በኋላ፣ የሚነግረን የለም። ይህን ለአባቴ በባቡር ስንመለስ አነሣሁበት፤ ነገር መተው አልችልም ብያችኋለሁ።

«ግምት ነው እኮ አባዬ።»

«ልኬት ሁሉ በግምት ነው የሚጀምረው» አለኝና እንቅልፍ ወሰደው።

ሳምንቱን እኔ ስለ ፍርድ ቤት ሳጠና ከረምኩ። ጠበቃ ጠየቅኩ፣ ከአደይ ምሕረት የምስክርነት ቃል ላጽፍ አሰብኩ። ወጥ ቤት ሠራተኛው የተናገረው ተጽፏልና ማስረጃ አለን አልኩ። ማክሰኞ ዴን ሃግ፣ ተራ እየጠበቅን ሳለ ይህን ሁሉ በፋይል አድርጌ ለአባቴ ሰጠሁት። ሳይከፍተው መለሰልኝ።

«ፍርድ ቤት አንሄድም።»

«እንዴ! እናትህ ጥሩነሽ ነች። ይህ ውሸት ነው።»

«የማን ውሸት?»

ፋይሉን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

«ለእኔ ብላ የዋሸችውን ውሸት እኔው በስተርጅና ላጋልጣት? እሷ ያስጻፈችው ነው። እንዳስጻፈችው ይቀመጥ።» ከዚያ ሳቅ እያለ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «ደግሞስ ሞት ደችኛ አያነብም ያለሽ ማን ነው?»

ያው ረጅም ወጣት ነበር መስኮቱ ላይ። ወረቀቱን አዙሮ አሳየንና የእናት ስም ትክክል መሆኑን ጠየቀ። ለመተርጎም አፌን ስከፍት አባቴ ቀደመኝ። ከሚያውቃቸው ጥቂት የደችኛ ቃላት አንዷን መርጦ፣ ቀጥ ብሎ፣ «ያ»፣ አዎ ማለት ነው፣ ብሎ ፈረመ። አሁን ወረቀቱ ላይ ኦንበኬንድ የለም። ዲግሪና ደቂቃ አለ፤ ለተብርሃንም አለች። ባለፈው ለሙታን ጸሎት ስም ሲያስጽፍ ቄሱ የእናትዎ ስም ማን ልበል ቢሉት የሁለቱንም ሰጣቸው። ለተብርሃን ሞታ እንደሆነ እንኳ እንጃ፤ እሱ ግን አትቀርም አለ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት በእጃችሁ የእናታችሁ ወይም የአያታችሁ ወረቀት ይኖር ይሆናል፤ ከምታውቁት ጋር የማይገጥም። እኔ ድሮ ከወረቀት ጋር ነበር የምወግነው። የምረዳቸው አረጋውያን ልጅ የለኝም ሲሉኝ ፋይሉን ገልጬ «አለዎት እኮ፣ ይኸው ስሟ» ብዬ አርም ነበር። አሁን ፋይሉን ዘግቼ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ የምሰማው ነገር ግራ ያጋባኛል፤ ግራ ተጋብቼም እወጣለሁ። ቀድሞ ይህ ያናድደኝ ነበር። አያቴን በፎቶ እንኳ አላውቃትም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው ስታዞር ግን አየኋት። እወዳታለሁ።

በዚህ ጸደይ አባቴን ልቡን አመመውና ሆስፒታል አስተኙት። አደጋ የለውም ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን ደንግጫለሁ። አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ ከዚህ በፊት ያላየኋት ረጅም ሴት ትልቅ ፋይል ታቅፋ ገባች። ከራስጌው ቆመች። አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ ፋይሉን አየች።

«ልጁ ነሽ?» አለችኝ በደችኛ።

አባቴን አየሁት። ከትራሱ ላይ ሆኖ እሱም ያየኛል፤ ጥያቄው ገብቶታል።

«አይደለሁም» አልኳት።

አባቴ እየሳቀ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።